መጠባበቂያ ቅጂ ብቻውን ኮምፒዩተር አያስነሳም

የሰነዶቻቸውን መጠባበቂያ ቅጂ በተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ወይም በሰርቨር ላይ የሚያስቀምጡ መሥሪያ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ሆኖም ቅጂ መያዝና በተያዘው ቅጂ ሥራን መልሶ ማስቀጠል የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ኮምፒዩተሩ ጨርሶ አልነሳ ባለ ጊዜ ቅጂውን ወደ ቦታው የሚመልሰው ፕሮግራም የሚገኘው በአብዛኛው በዚያው ባልተነሳው ኮምፒዩተር ውስጥ በመሆኑ፣ ቅጂው በእጅ እያለ ሥራው ሊቆም ይችላል። ይህን ክፍተት የሚሞላው ኮምፒዩተሩ በደህና ሳለ የሚዘጋጅ የአደጋ ጊዜ ማስነሻ ፍላሽ ነው።

ለአብነት ያህል፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የአንድ የፋይናንስ ክፍል ኮምፒዩተር በመብራት መቋረጥ ሳቢያ ተበላሽቶ ዊንዶውስ አልነሳ ቢል፣ የሂሳብ ሰነዶቹ በሌላ ዲስክ ላይ መገኘታቸው ብቻ ክፍያውን እስከ ሰኔ 30 አያደርስም። ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን፣ የሂሳብ ፕሮግራሙና የአማርኛ መጻፊያው መመለስ፣ ፕሪንተሩና የኔትወርክ መስመሩ መስተካከል ይኖርባቸዋል። ይህ ሁሉ እስኪሆን ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ። የሙሉ ዲስኩ ቅጂና ማስነሻ ፍላሹ አስቀድመው ተዘጋጅተው ከሆነ ግን፣ ኮምፒዩተሩን ከነፕሮግራሞቹ ቅጂው ወደተወሰደበት ቀን ይዞታ ለመመለስ በአብዛኛው የሚያስፈልገው የሰዓታት ሥራ ነው።

አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ኮምፒዩተር ሲከፈት በቅድሚያ ሥራ የሚጀምረው በማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ አነስተኛ ፕሮግራም ሲሆን፣ ይህም ቀደም ሲል ባዮስ በመባል ይታወቅ የነበረው፣ በአሁኑ ጊዜ ደግሞ በአብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች ላይ ዩኢኤፍአይ በተባለው የተተካው ነው። የዚህ ፕሮግራም አንዱ ተግባር ዊንዶውስን ወይም ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተምን ከየትኛው ዲስክ እንደሚያስነሳ መወሰን ነው። ከሃርድ ዲስኩ ይልቅ ከፍላሹ እንዲነሳ በታዘዘ ጊዜ፣ የተበላሸውን ዊንዶውስ ሳይነካ በፍላሹ ላይ ባለው አነስተኛ ሲስተም ሥራ ይጀምራል። ባለሙያውም ሃርድ ዲስኩን ከውጭ ሆኖ ለመመርመር፣ ሰነዶችን ለማውጣት ወይም ቅጂውን ለመመለስ ይችላል።

ይህ ዝግጅት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በስፋት የታየው ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም ነው። በዕለቱ ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የኮምፒዩተር ደህንነት ኩባንያ ያሰራጨው ስህተት ያለበት ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8 ነጥብ 5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን ከሥራ ውጪ አድርጓል። ኮምፒዩተሮቹ ሰማያዊ ስክሪን እያሳዩ ደጋግመው ከመዝጋትና ከመክፈት በስተቀር ምንም ሊሠሩ አልቻሉም። ዴልታ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ብቻውን በአምስት ቀናት ውስጥ 7 ሺህ ያህል በረራዎችን ለመሰረዝ ተገዷል።

ኩባንያው የተሳሳተውን ማሻሻያ የሰረዘው ከ80 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነበር። ነገር ግን መነሳት ያቃተው ኮምፒዩተር እርማቱን ከኔትወርክ ተቀብሎ ራሱን ለማዳን የሚበቃ ጊዜ ባለማግኘቱ፣ ባለሙያዎች ብዙዎቹን በየጠረጴዛው እየዞሩ ማስተካከል ግድ ሆኖባቸዋል። ሥራው አንድን ፋይል ከመሰረዝ ያለፈ አልነበረም፤ አስቸጋሪው ፋይሉ ዘንድ መድረሱ ነው። ማይክሮሶፍትም በቀጣዮቹ ቀናት ይህንኑ የሚሠራ ማስነሻ ፍላሽ ማዘጋጃ ለደንበኞቹ አቅርቧል።

በዚያ ሳምንት ሌላም እንቅፋት ገጥሟል። ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተመሰጠረ ዲስክ ከውጭ በመጣ ፍላሽ ሲከፈት 48 አሃዞች ያሉትን የማስከፈቻ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ከሌለ ማስነሻ ፍላሹ ዲስኩን ቢያገኘውም ሊያነበው አይችልም። ቁልፎቹ የተመዘገቡበት ሰርቨር ራሱ በችግሩ ከተመታ ደግሞ ጉዳዩ ከነጭራሹ ይቋጠራል። ስለዚህ ቁልፉ በወረቀት ታትሞ ከኮምፒዩተሩም ከፍላሹም በተለየ ቦታ እንዲቀመጥ ይመከራል። በፍላሹ ጀርባ ላይ ለጥፎ ማስቀመጥ በር ላይ ቁልፍ ሰክቶ ከመሄድ አይለይም።

በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ማስነሻ ፍላሹን ለማዘጋጀት ሪከቨሪ ድራይቭ የተሰኘው የዊንዶውስ መሣሪያ በቂ ሲሆን፣ ቢያንስ 16 ጊጋ ባይት የሚይዝ ፍላሽና የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በፍላሹ ላይ ቀድሞ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ ፍላሽ መጠቀም ይገባል። በዚህ መንገድ የተዘጋጀው ፍላሽ የዊንዶውስን ፋይሎች እንጂ የሠራተኛውን ሰነዶች አይዝም። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ በየጊዜው የሚሻሻል በመሆኑ ፍላሹ በየዓመቱ እንዲታደስ ይመክራል።

የሙሉ ዲስክ ቅጂ የሚወስዱ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ የየራሳቸው ማስነሻ አላቸው። በታይዋን የተሠራውና በነጻ የሚገኘው ክሎንዚላ ለዚህ ይጠቀሳል። በአንዱ ፕሮግራም የተወሰደን ቅጂ በሌላው ማስነሻ መመለስ በአብዛኛው ስለማይቻል፣ ቅጂውና ማስነሻው የአንድ ቤት መሆን አለባቸው። በዚህ ረገድ ተደጋግሞ የሚታየው ስህተት ከኢንተርኔት የወረደውን አይኤስኦ ፋይል እንደ ማንኛውም ሰነድ ፍላሽ ላይ ገልብጦ ማስቀመጥ ነው። እንዲህ ያለው ፍላሽ ፋይሉን ይይዛል እንጂ ኮምፒዩተር አያስነሳም፤ ፋይሉ ሩፎስን በመሰለ ለዚሁ በተሠራ ፕሮግራም መጻፍ አለበት።

ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ፍተሻው ነው። ፍላሹ ተሰክቶ ኮምፒዩተሩ እንደገና ሲከፈት እንደ ኮምፒዩተሩ ዓይነት ኤፍ 12፣ ኤፍ 9 ወይም ሌላ ቁልፍ በመጫን ከፍላሹ እንዲነሳ ይደረጋል። ሜኑው ስለመጣ ብቻ ግን ፍተሻው አበቃ ማለት አይደለም። የውስጡ ሃርድ ዲስክ በዝርዝሩ ውስጥ መታየቱን፣ ቅጂው ያለበት ተንቀሳቃሽ ዲስክ መከፈቱን፣ ቅጂው በሰርቨር ላይ ከሆነም ኔትወርኩ መሥራቱን ማየት ያስፈልጋል። አንዳንድ ኮምፒዩተሮች ዲስካቸው በልዩ መቆጣጠሪያ በኩል የሚሠራ በመሆኑ ተገቢው ድራይቨር ካልተጨመረ ፍላሹ ተነስቶ ዲስኩን ላያየው ይችላል። ይህን በፍተሻ ቀን ማወቅና በአደጋ ቀን ማወቅ ፈጽሞ አይመሳሰሉም።

በፍተሻው ወቅት የመመለስ ትዕዛዙን መስጠት አይገባም። የሙሉ ዲስክ ቅጂ ሲመለስ በመድረሻው ዲስክ ላይ ያለውን ሁሉ ይተካል፤ በትክክለኛው የአደጋ ሰዓትም ቢሆን የዲስኩን ስምና መጠን ሳያረጋግጡ መቸኮል ከብልሽቱ የባሰ ጉዳት ያስከትላል። አዲስ የተሠሩ ሰነዶች ካሉም ቀድመው ወደ ሌላ ዲስክ መውጣት አለባቸው። መጠባበቂያ ዲስኩ ራሱ ሁልጊዜ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተሰክቶ መቆየት የለበትም፤ ሰነዶችን መስጥሮ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዋናውንና ቅጂውን በአንድ ጊዜ ሊያጠፋ ይችላልና።

ፍላሹ በሞዴል 22 ከዕቃ ግምጃ ቤት ወጪ ሲደረግ ተራ የቢሮ ዕቃ ይመስላል። ነገር ግን ዲስኩ ባልተመሰጠረ ኮምፒዩተር ላይ የዊንዶውስን የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ የሠራተኞችን የግል ማኅደርና የመሥሪያ ቤቱን ሰነዶች ሊከፍት የሚችል በመሆኑ፣ በቁልፍ መቀመጥና ማን እንደወሰደው መመዝገብ ይኖርበታል።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ያበቃ በመሆኑ፣ ኮምፒዩተሮቻቸውን ወደ ዊንዶውስ 11 የሚያሸጋግሩ መሥሪያ ቤቶች ከሽግግሩ በፊት የሙሉ ዲስክ ቅጂ ቢወስዱ፣ ከሽግግሩ በኋላም ማስነሻ ፍላሹን በአዲስ መልክ ቢያዘጋጁ ይጠቀማሉ። በፍላሹ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የተዘጋጀበትን ቀን፣ የዊንዶውሱን ዓይነትና የሚያገለግልባቸውን ኮምፒዩተሮች ቢገልጽ፣ የኮምፒዩተር ባለሙያው ሲዛወርም ፍላሹና የቁልፎቹ ዝርዝር በርክክብ ሰነዱ ላይ በየስማቸው ቢሰፍሩ ተተኪው በመጀመሪያው ቀን ያገኛቸዋል።