ታሪክ ሲጀመር ልባችንን የሚሰቅለው ምንድን ነው?

ማታ ከብቱ ገብቶ፣ እሳት ዳር ተቀምጠን «ተረት ተረት» ሲባል «የመሠረት» ብለን እንቀበላለን። ልጆቹ እንቅልፍ እያዳፋቸው እንኳ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላሉ። ተራቹ መጨረሻውን ይዞባቸዋልና አይተኙም። የልብ ወለድ ደራሲዎች የሚሠሩበት ዘዴም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

እስቲ አንድ ታሪክ እኛው እንፍጠር። አንድ ገበሬ ከመካነ ሰላም ወዲያ፣ ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቀው ገደል አፋፍ ላይ ያርሳል እንበል። ታሪኩን «የገበሬው በሬ ገደል ገብቶ ሞተ» ብለን ብንጀምረው ሰሚው «ወይኔ!» ይልና ነገሩ እዚያው ያልቃል። አሁን ደግሞ እንዲህ እንጀምረው። ገበሬው ጠዋት በሬዎቹን ሲጠምድ ልጁ፣ «አባባ፣ ይኼ ምራን ሳስቷል፤ ዛሬን የሚውል አይመስለኝም» አለው። አባትየውም፣ «ዝናቡ ሳይቀድመኝ ይቺን ልጨርስ፣ ማታ እቀይረዋለሁ» ብሎ በሬዎቹን ወደ አፋፉ ነዳ።

ገና ምንም አልደረሰም። እኛ ግን ዓይናችን ከምራኑ አይነሳም። በሬዎቹ በዞሩ ቁጥር «አሁን ተበጠሰ!» እያልን እንሰጋለን። ደመናው ዝናቡን ቀድሞ እንደሚነግረን፣ ምራኑም የሚመጣውን ቀድሞ ነገረን። ይህ በሥነ ጽሑፍ «ንግር» ይባላል። እኛ በፍርሃትና በጉጉት ተንጠልጥለን መቆየታችን ደግሞ «ልብ ሰቀላ» ነው። ታዲያ ምራኑን መጀመሪያ ላይ አንስቶ ኋላ የሚረሳው ደራሲ አንባቢውን ያታልላል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ አጋጥሞን ያውቃል፤ ያናድዳል።

አሁን ዓባይን ተሻግረን ጎጃም እንግባ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩ የሚጀምረው እዚያ፣ ማንኩሳ ላይ ነው። ከሁሉ በፊት ስሙን እንመልከት። ፍቅር አለ፣ መቃብርም አለ። ደራሲው መጨረሻውን ገና በሽፋኑ ላይ ነግረውናል ማለት ነው! ታዲያ ይህን ያህል ወፍራም መጽሐፍ ሰው ለምን አንብቦ ይጨርሳል? ሞት እንዳለ ቢያውቅም በምን መንገድ እንደሚመጣ አያውቅምና ነው።

መንገዱን የሚያሳየን አጀማመሩ ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የሚባሉ ባልና ሚስት በዛብህ የሚባል ልጅ ይወልዳሉ። ልጁም ቢያድግላቸው ለእግዚአብሔር ሊሰጡት ይሳላሉ። ስለት ምን እንደ ሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ዕዳ ነው። ይህን ዕዳ ግን የተሳሉት ወላጆች ናቸው፤ የሚከፍለው ልጁ ነው። እርሱን የጠየቀው የለም። እንግዲህ የሳሳው ምራን ይኸው። አንባቢው ስለቱን ካወቀ በኋላ ልጁ ባደገ ቁጥር «ይህ ልጅ አንዲት ሴት ቢወድስ?» ማለቱ አይቀርም።

አንዳንድ ሰው አጀማመሩ ይዘገያል፣ የወላጆቹ ታሪክ ይበዛል ብሎ ያማርራል። እኛ አንስማማም። ወላጆቹን ባናውቃቸውና ባናዝንላቸው ኖሮ ስለታቸው ባልከበደን ነበር። ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተከታታይ ሲተርከውም፣ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ሬዲዮ ከብቦ የሚቀጥለውን ክፍል ይጠብቅ ነበር።

በዛብህ አደገ፣ ተማረ፣ ስለቱንም ተሸክሞ ዲማ ደረሰ። እዚያም ፊታውራሪ መሸሻ የሚባሉ ባላባት ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምርላቸው አስጠሩት። መምህሩና ተማሪዪቱ ፊደል ይዘው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን እኛ እዚህ አንጽፈውም።