ያውቁ ኖሯል? የዓድዋ በዓል በፈረንጅ አቆጣጠር አንድ ቀን ተገፍቷል

በየዓመቱ የካቲት 23 ከአፍንጮ በርና ከአካባቢው ሰፈሮች ሕዝቡ ወደ ፒያሳ፣ ወደ ምኒልክ አደባባይ ይተማል። ድሉ የተገኘው እሑድ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896። ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው! የተሳሳተ ማንም የለም። እኛ ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ያለማቋረጥ 6 እናደርጋታለን፤ ፈረንጆቹ ግን ለ100 ተካፍሎ ለ400 በማይካፈል ዓመት ፌብሩዋሪ 29ን ይዘላሉ። በ1900 የዘለሉት ከዓድዋ 4 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እንቁጣጣሽም በዚሁ ሰበብ ከሴፕቴምበር 10 ወደ 11 ተሻገረ። በ2100ም ይዘላሉ፤ ከዚያ በኋላ የካቲት 23 ማርች 3 ላይ ይውላል። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ በዓሉን በየካቲት 23 ቁጠሩት፤ የጊዮርጊስ ዕለት ናትና።