ፊትን መታጠብም መንፈሳዊ ነው

(በሬድዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

ዛሬ በተለይ ከእናቶቼና ከእህቶቼ ጋር መነጋገር እፈልጋለሁ። ወንዶችም አብራችሁን ቆዩ፤ መጨረሻ ላይ እናንተን የሚነካ ነገር አለኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደባርቅ ወዲያ ካለ የደጋ ቀበሌ አንዲት እናት ለጸሎት ጎንደር መጡ። አንገታቸው ላይ በክር የታሰረች ወረንጦ አለች። የአገራችን ሰው ወረንጦን ያውቃታል፤ እሾህ ማውጫ ናት። እሳቸው ግን የሚነቅሉባት የእግር እሾህ አልነበረም፤ የገዛ ዓይናቸውን ፀጉር ነበር። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው፣ «ልጄ፣ ብርሃን ይወጋኛል፤ ጸልይልኝ» አሉኝ። ጸለይኩ። ዘይት ቀባሁ። «ጌታ ይርዳዎት እማማ» ብዬ ሸኘኋቸው። ሐኪም ዘንድ ሄደው እንደሆነ ግን አልጠየቅኳቸውም።

ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ጾመኛ ፊቱን ይታጠብ

በመካከላችን ሳይጻፍ የሚኖር አንድ ትምህርት አለ። «መንፈሳዊ ሴት ስለ ገላዋ አታስብም» ይላል። ፀጉሯን ያላበጠረች፣ እግሯ የተሰነጣጠቀ፣ ሳትበላ የምታገለግል፣ ሕመሟን የማትናገር እህት ስናይ «እንዴት ያለች ትሑት ናት!» እንላለን። እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ይኼን ከየትኛው ምዕራፍ አገኘነው?

ጌታ ኢየሱስ በተራራው ስብከት፣ በማቴዎስ 6፥16-18፣ ስለሚጾሙ ሰዎች ተናግሯል። በዚያ ዘመን ጾመኛ መሆናቸው እንዲታወቅላቸው ፊታቸውን የሚያጠወልጉ ነበሩ። እሱ ግን ስትጾሙ ራሳችሁን ዘይት ተቀቡ፣ ፊታችሁንም ታጠቡ አለ። ልብ በሉ! ስለ ጾም በሚያስተምርበት ቦታ ስለ ውሃና ስለ ዘይት ተናገረ። መጎሳቆል ለታይታ ሊውል እንደሚችል ያውቅ ነበራ! ለካ ሰው በጌጡ ብቻ ሳይሆን በጉስቁልናውም ሊኩራራ ይችላል።

ሐዋርያው ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 6፥19-20 ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ እንደሆነ፣ በዋጋም እንደተገዛ ያስተምረናል። የጸሎት ቤታችን ጣራ ቢያፈስ «ግድ የለም፣ ዋናው አምልኮው ነው» ብለን እንተወዋለን? ቆርቆሮ እንገዛለን እንጂ።

የውሃና የዝንብ ነገር

አሁን ወደዚያች ወረንጦ ልመለስ። የእኚያ እናት ሕመም ትራኮማ ይባላል። በአገራችን ይህ በሽታ እጅግ ከጸናባቸው ክልሎች ግንባር ቀደሙ የእኛው የአማራ ክልል ነው። አመጣጡ እንዲህ ነው፦ ዓይን ውስጥ የሚገባ ረቂቅ ተሕዋስ አለ። ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት በእጅ፣ በጨርቅና ዓይናር ላይ በሚያርፍ ዝንብ ይተላለፋል። እናት በነጠላዋ ጫፍ የአንዱን ልጅ ዓይን ትጠርጋለች፤ በዚያው ጫፍ ሌላውን ትጠርጋለች፤ ቆይታ ደግሞ የራሷን። ያው ኩልና መኳያ ከጎረቤት ጎረቤት ሲዞርም በሽታው አብሮ ሊዞር ይችላል።

ይህ ለዓመታት ሲደጋገም የዓይን ቆብ ውስጡ ይጠባሰሳል፣ ይኮማተራል፤ ፀጉሩም ወደ ውስጥ ይቀለበስና ብሌኑን ይፍቃል። በወረንጦ ሲነቀል ለጥቂት ቀን ያሳርፋል፤ ግን ተመልሶ ይበቅላል፣ ያጎጠጎጠው ፀጉርም እንደገና ይወጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትራኮማ የሚታወሩ ሴቶች ከወንዶች እስከ 4 እጥፍ ይበልጣሉ። ለምን? ሕፃናትን የምታቅፈው፣ የምታጥበው፣ አጠገባቸው የምትተኛው እናት ስለሆነች ነው። ሌላውን ስትንከባከብ ዓይኗን ታጣለች።

መከላከያውስ? ሩቅ አይደለም። የልጆችንም የራስንም ፊት በየቀኑ በንጹሕ ውሃ መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤት ቆፍሮ መጠቀም፣ የጤና ሠራተኞች መድኃኒት ሲያድሉ መውሰድ ነው። ለፊት አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃል። ፀጉሩ ከተቀለበሰ ደግሞ በጤና ጣቢያ የሠለጠነ ባለሙያ ቦታውን አደንዝዞ ቆቡን ወደ ውጭ ይመልሰዋል። አጭር ቀዶ ሕክምና ነው፤ ሰው በዚያው ዕለት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነገር ግን ብሌኑ አንዴ ጠባሳ ከያዘ ይህ ሕክምና የጠፋውን ብርሃን አይመልስም። ስለዚህ ጊዜው ዋጋ አለው።

እንግዲህ ኢየሱስ ፊታችሁን ታጠቡ ማለቱ ለእኛ አገር ምን ያህል ጠቃሚ ቃል እንደሆነ አያችሁ?

ሹሩባስ ይከለከላል?

«ፓስተር፣ ጴጥሮስ ፀጉር መሸረብን ከልክሏል እኮ» የምትሉኝ አላችሁ። መልካም ጥያቄ ነው። እኔም በወጣትነቴ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ እንደወጣሁ፣ በዚህ ጥቅስ እህቶችን ገሥጬበታለሁ። ዛሬ ግን ጠጋ ብለን እናንብበው።

1ኛ ጴጥሮስ 3፥3-4 ሦስት ነገሮችን ይጠቅሳል፦ ፀጉር መሸረብ፣ ወርቅ ማድረግና ልብስ መልበስ። ሹሩባ በፍጹም ተከልክሏል ካልን ልብስም ተከልክሏል ልንል ነው! እንዲህ ሊል እንዳልፈለገ ግልጽ ነው። ጴጥሮስ የሚለው የሴት ውበቷ መሠረቱ ውጫዊው እንዳይሆን፣ በእግዚአብሔር ፊት ዋጋ ያለው የዋህና ጸጥ ያለ መንፈስ እንዲሆን ነው። 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥9-10 ደግሞ ከሹሩባው ጋር ወርቅን፣ ዕንቁንና ውድ ልብስን ይደረድራል። በዚያ ዘመን የሮም ባለጸጎች ሚስቶች በባሪያ እጅ ፀጉራቸውን ወደ ላይ እያስቆለሉ በወርቅና በዕንቁ ያስጌጡት ነበር። እንዲህ ተጊጠው ጉባኤ ሲገቡ ድኻዋ እህት የት ትቀመጥ? የሐዋርያቱ ጭንቀት ይኼ ነበር።

የእኛ ደጋ ሹሩባ እንዲያ አይደለም። አንዷ በሌላዋ ጉልበት ላይ ራሷን ጣል አድርጋ፣ እየተጨዋወቱ፣ በእጅ የሚሠራ ነው። ፀጉርን ከአቧራና ከመቋጠር ይጠብቃል። ቅቤውም በብርድና በፀሐይ የደረቀውን የራስ ቆዳ ያለሰልሳል። ሩት ወደ ቦዔዝ ከመሄዷ በፊት እንድትታጠብ፣ እንድትቀባና ልብሷን እንድትለብስ አማቷ ኑኃሚን መክራታለች (ሩት 3፥3)። አስቴር 12 ወር በከርቤ ዘይትና በሽቶ ተዘጋጅታለች (አስቴር 2፥12)። በምሳሌ 31፥22 የተመሰገነችው ባለሙያ ሴት ጥሩ በፍታና ሐምራዊ ልብስ ትለብሳለች። የከተማችንን የፋሲል ግቢ የጎበኘ ሰውም የእንፋሎት መታጠቢያውን፣ ወሸባውን አይቷል። ገላን መጠበቅ ለዚህ አገር ከውጭ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም።

በጎንደርና በአካባቢው ከዛር ቤት ወጥተው ወደ ጌታ የመጡ እህቶችም አሉን። በዚያ ቤት ሽቶው፣ ጌጡና ቀሚሱ «ዛሩ ጠየቀ» እየተባለ ይገዛ ነበር። እነዚህ እህቶች ከዳኑ በኋላ የሽቶ ሽታ ሲሸታቸው ይደነግጣሉ። እህቴ፣ ሽቶው የዛር አይደለም። አበባውንም ዘይቱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው። ሕሊናሽ እስኪያርፍ ድረስ ብትተዪው ማንም አያስገድድሽም፤ አንቺም የቀባችውን እህትሽን አትፍረጂባት።

ወዲያኛው ገደል

ታዲያ ሁሉም ነገር ተፈቅዷል ማለት ነው? አይደለም። መንገዱ በሁለት ገደል መካከል ነው። አንዱ ገላን መጣል ነው፤ ሌላው ለገላ መስገድ ነው። ራሳችሁን በሦስት ጥያቄ መርምሩ፦

አንደኛ፣ ከየት መጣ? ለሠርግ ሽር ጉድ ተብሎ ዕዳ ከተገባ፣ የልጆች ደብተር ቀርቶ ቀሚስ ከተገዛ፣ ያ ጌጥ ሳይሆን ቀንበር ነው።

ሁለተኛ፣ ለማን ነው? ለንጽሕና፣ ለጤና፣ ለትዳር ደስታ ነው ወይስ ጎረቤትን ለማሳነስ?

ሦስተኛ፣ እግዚአብሔር የሠራውን ይጠብቃል ወይስ ይክዳል? እዚህ ላይ በግልጽ እናገራለሁ። «ቀይ ያደርጋል» እየተባለ የሚሸጥ ቅባት በከተማችን እየበዛ ነው። ከእንዲህ ያሉት ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው። ሜርኩሪ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ በእርግዝና ጊዜ ለፅንስም አደገኛ ነው። ሌሎቹ ቆዳን የሚያሳሱ ብርቱ መድኃኒቶች ይቀላቀሉባቸዋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትቀቡ። በመኃልየ መኃልይ መጀመሪያ ላይ ያለችው ሙሽራ ፀሐይ ያጠቆራት ናት፤ ቆንጆ መሆኗንም ሳታፍር ትናገራለች። ጠይምነታችሁ በሽታ አይደለም፣ መድኃኒትም አያሻውም።

ከቀሚስ ሥር ያለ ሕመም

አሁን ደግሞ በስብከት ብዙ ወደማንነካው ነገር ልግባ። ምጥ ጸንቶባቸው፣ ጤና ተቋም ሳይደርሱ ቀናት ቆይተው፣ ከዚያ በኋላ ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው እህቶች አሉ። ፊስቱላ ይባላል። ማህፀናቸው ወደ ታች ወርዶ ከባድ እንስራ የሚያዝሉም አሉ። ጉባኤ መምጣት ይተዋሉ። ለምን ቀሩ ስንል «ቀዝቅዛለች» እንላለን። አልቀዘቀዘችም፤ ሽታው አሳፍሯት ነው።

በማርቆስ 5 ያለችውን ሴት አስታውሱ። 12 ዓመት ደም ፈሰሳት። በሕጉ መሠረት የነካችው ሁሉ ይረክስ ነበር። ኢየሱስ ግን በሕዝቡ መካከል አቆማትና ልጄ ብሎ ጠራት። ሕመሟን ብቻ ሳይሆን እፍረቷንም አነሣላት።

ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ፣ ክርስቲያን ባልና ሚስት፣ እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ መጡ። በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን መሠረቱ። ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. በ2020 በ96 ዓመታቸው ጌታ እስከ ወሰዳቸው ድረስ ኑሯቸው እዚሁ ነበር። የዚህ ሆስፒታል ማዕከል በባሕር ዳርም አለ፤ ሕክምናውም በነጻ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ለእንዲህ ያሉ ሕመሞች ቀዶ ሕክምና ይሰጣል። ብዙዎች ይድናሉ።

እጸልያለሁ፣ በፈውስም አምናለሁ። ነገር ግን ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነት ማጣት አይደለም። ጸሎቱም መንገዱም የእግዚአብሔር ናቸው።

ለባሎችና ለመሪዎች

ወንድሞቼ፣ ቃል የገባሁት ይኼን ነበር። ሚስትህ ፊቷን እንድትታጠብ ውሃው ቤት መኖር አለበት። ማን ይቅዳው? አህያውን ጭነህ አንተ ብትወርድ ወንድነትህ አይቀንስም። ኤልያስ ደክሞት ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር አስቀድሞ አስተኛው፣ አበላው፣ ደግሞ አስተኛው (1ኛ ነገሥት 19)። ነቢይ እንቅልፍ ካስፈለገው ሌሊት ሙሉ ልጅ ታቅፋ ንጋት ላይ ሊጥ የምታቦካ ሴት እንዴት አያስፈልጋት?

መሪዎችም፣ በጸሎት ቤታችን ደጅ የመታጠቢያ ውሃና ሳሙና ይኑር። የሴቶች ኅብረት ከጸሎቱ ጋር በወር አንድ ቀን የጤና ባለሙያ ይጋብዝ። ለጸሎት የመጣችን እህት «ሐኪም አይቶሻል?» ብለን እንጠይቅ። እስከ ጤና ጣቢያም አብሯት የሚሄድ ሰው እንመድብ።

እኚያ እናት ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለሱ። በዚያን ጊዜ አንዲት የጉባኤያችን እህት፣ ነርስ ናት፣ እጃቸውን ይዛ ወሰደቻቸው። ቀዶ ሕክምናው ተደረገላቸው። ግራ ዓይናቸው ተርፏል፤ የቀኙ ግን አያይም። እሳቸው አልወቀሱኝም፤ «ጌታ አንዱን ተወልኝ» ብለው አመሰገኑ። እኔ ግን አውቃለሁ። ያን ቀን አንዲት ጥያቄ ጠይቄ ቢሆን ምናልባት ሁለቱም ይተርፉ ነበር።

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ነገ ጠዋት ከልጆቻችሁ ጋር የእናንተንም ፊት ታጠቡ። የሚያማችሁ ነገር ካለ ለአንዲት የምታምኗት እህት ዛሬውኑ ንገሩ። የሠራችሁ፣ በልጁም ደም የገዛችሁ አምላክ ገላችሁን አይንቅም። እናንተም አትናቁት።

ጌታ ይባርካችሁ፤ አሜን።