የቤንዚንና የኤሌክትሪክ መኪና በሩቅ መንገድ ሲመዘኑ

አንድ ቤተ ሰብ መኪና ለመግዛት ሲመክር አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ ቀጥሎም መልኩንና ስሙን ይጠይቃል። መኪናው የሚሄድበትን መንገድ ግን ብዙ ጊዜ የሚያስበው ከገዛ በኋላ ነው። እኛም በአቦምሳና በአዲስ አበባ መካከል ስንመላለስ ያየነውንና በሒሳብ የመረመርነውን ለአንባብያን ልናካፍል ወደድን።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከመጣ ወዲህ፥ ከመቶ ዓመት ለሚበልጥ ዘመን በአገራችን መኪና ማለት ነዳጅ የሚጠጣ ማለት ነበረ። በ2016 ዓ.ም. ግን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ካልሆነ በቀር የቤት አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። ምክንያቱም የታወቀ ነው። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ይመጣል፤ ኤሌክትሪክ ግን ከገዛ ወንዞቻችንና ከገዛ ነፋሳችን ይገኛል። የእኛ አካባቢ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። የቆቃ ግድብ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ውኃ ኃይል ይሰጣል፤ በአዳማ ኮረብቶች ላይ የሚሽከረከሩት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ደግሞ 51ና 153 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አላቸው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት ነው። እንግዲህ ጥያቄው ለአገር የሚበጀው የትኛው ነው የሚል ብቻ አይደለም፤ አንድ ቤተ ሰብ ወላጁን ለመጠየቅ ረጅም መንገድ ሲወጣ የትኛው ያደርሰዋል፥ የትኛውስ ይመልሰዋል የሚል ነው።

የአንድ ወዳጃችን እናት በአቦምሳ ይኖራሉ። ሰኞ ጧት በአዲስ አበባ የሐኪም ቀጠሮ ስለ ነበራቸው፥ ልጃቸው ቅዳሜ በአዲሱ የኤሌክትሪክ መኪናው ሊወስዳቸው መጣ። በፈጣኑ መንገድ ላይ ደኅና አድርጎ ነድቶ ስለ ነበር፥ ሲደርስ በባትሪው ውስጥ የቀረው ከመቶ 35 ብቻ ነበረ። ሌሊቱን እንሞላዋለን ብሎ ከቤቱ መሰኪያ ጋር አያያዘው፤ ነገር ግን በዚያች ሌሊት መብራት ጠፋ፤ የመጣውም ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። እሑድ ቀን እኛም አብረን ተሳፍረን፥ በዝግታና በጭንቀት ወደ አዳማ ጕዞ ጀመርን። የቀዝቃዛው አየር ማሽን እንኳ ኃይል እንዳይበላ ስለ ተዘጋ፥ ሙቀቱ አስጨነቀን። እናቲቱም ከኋላ ሆነው፥ «ልጄ፥ ይህም እንደ በቅሎ ይደክመዋል እንዴ?» አሉ። እርሱም፥ «አልደከመውም እማዬ፤ ራቱን ሳይበላ ስላደረ ነው» ብሎ መለሰላቸው። አዳማ በዘመድ ቤት አድረን መኪናውም ሲሞላ አደረ፤ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን ለቀጠሮው ደረስን። ሕመሙ የቀጠሮ ባይሆንና ድንገተኛ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ይህ ሐሳብ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ከአዲስ አበባ እስከ አቦምሳ ያለውን መንገድ ለአቈጣጠር እንዲቀል 200 ኪሎ ሜትር ብለን እንያዝ፤ ደርሶ መልሱ 400 ይሆናል። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚፈጅ የቤንዚን መኪና ለዚህ 32 ሊትር ይፈልጋል። በአንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ 9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ስላለ፥ ጠቅላላው 288 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የኤሌክትሪኩ መኪና ግን በ100 ኪሎ ሜትር 20 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅ፥ በ80 ብቻ ይህንኑ መንገድ ይጨርሳል። ይህም የሆነበት ምክንያት፥ የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ኃይል አብዛኛውን በሙቀትነት ሲበትነው፥ የኤሌክትሪኩ ሞተር ግን ከዐሥሩ ዘጠኝ ያህሉን ለሥራ ስለሚያውለው ነው። በወጪ በኩል እንግዲህ ክርክር የለም፤ ኤሌክትሪክ ይረታል።

ብዙ ሰዎች ለኤሌክትሪክ መኪና የሚፈሩለት ዳገቱን ነው። ከአዳማ እስከ አዲስ አበባ ያለው ከፍታ 650 ሜትር ያህል ሲሆን፥ 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህን ለመውጣት በተጨማሪ የሚያወጣው 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ቍልቍለት ሲወርድም ሞተሩ ተገልብጦ ኃይል አመንጪ ስለሚሆን፥ ካወጣው ከፊሉን መልሶ ያገኛል። ይልቅስ ሊፈራ የሚገባው ፍጥነት ነው። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት በጀመረው 85 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ፥ በሰዓት 120 የሚነዳ በ80 ከሚነዳው ይልቅ ነፋሱን ለመግፋት በየኪሎ ሜትሩ ከሁለት እጥፍ በላይ ኃይል ያጠፋል። በ80 ሲነዳ 15 ኪሎዋት ሰዓት የሚበቃው፥ በ120 ሲነዳ 22 ወይም 23 ሊፈልግ ይችላል። በዚያች መንገድ ጥድፊያው ከዳገቱ ይልቅ በላ ማለት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

የቤንዚንም ውለታ መዘንጋት የለበትም። ታንኩ በአምስት ደቂቃ ይሞላል፤ በጀሪካን ተይዞ ይጓዛል፤ መካኒኩም በየወረዳው ከተማ አይጠፋም። ነገር ግን ቤንዚን ሲጠፋ በየማደያው የሚታየውን ሰልፍ፥ በየመንገዱም በጀሪካን የሚሸጥበትን ውድ ዋጋ የማያውቅ የለም። የኤሌክትሪኩ ድካም ደግሞ ጊዜ ነው። ኃይለኛ የመሙያ ጣቢያ አብዛኛውን ባትሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊሞላ ሲችል፥ 2.2 ኪሎዋት የሚሰጥ የተለመደ የቤት መሰኪያ ግን በ12 ሰዓት የሚሰጠው 26 ያህል ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ይህም የ130 ኪሎ ሜትር ስንቅ ነው፤ ያውም መብራት ካልጠፋ።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። በወረቀት ላይ የተጻፈው የባትሪ ርቀት አብዛኛው በከተማ ዝግታ የተለካ ስለ ሆነ፥ ለፈጣን መንገድ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ እመኑ፤ ከዚያም አምስተኛውን ለክፉ ቀን አስቀምጡ። 450 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የተባለ 300 ይሆናል፤ ከ300ውም የሚታመነው 240 ነው። ይህ አቦምሳ ያደርሳል፤ አይመልስም። መንገዳችሁ አዳማ ላይ የሚያበቃ ከሆነ ወይም በመካከሉ የታወቀ መሙያ ካላችሁ፥ ሳትጠራጠሩ ኤሌክትሪኩን ምረጡ። መሰኪያውም ከመኪናችሁ ጋር የሚገጥም መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የቻይናውና የአውሮፓው አንድ አይደለምና። ወላጆቻችሁ መብራት በሚመላለስበት ሩቅ ከተማ የሚኖሩ ከሆነ ግን፥ በእጃችሁ ያለውን ደኅና የቤንዚን መኪና ለመሸጥ አትቸኩሉ።

ወዳጃችንም ከዚያ ወዲህ ልማዱን ለውጧል። ወደ አቦምሳ ሲሄድ አዳማ ላይ ቆሞ ባትሪውን ይሞላል፤ በፈጣኑ መንገድም ከ90 አያልፍም። የሚያጠፋው ጊዜ ጥቂት ነው፤ እናቱም የቀጠሯቸው ቀን በደረሰ ጊዜ ስለ መኪናው መድከም አይጠይቁም።