ላፕቶፑ ከመሸጡ በፊት

እናንተዬ! ለመስቀል ወደ ሆሳዕና የሄድኩት እንደማንኛውም የአገሩ ልጅ ክትፎ በቆጮ ልበላ፣ አታካና ልቀምስ፣ ከዘመድ አዝማድ ጋር ያሆዴን ልጫወት ነበር። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ እህቴ ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባችኝ።

"ወንድምዬ፣ ልጅህ ሊሄድ ነው።"

"የት?"

"የት ይሆናል? እንደ ሰው ሁሉ ደቡብ አፍሪካ ነዋ!"

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቀ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ሥራ የለም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ሲንጋጋ ከረመ፤ ሁሉም "የሁለት ዓመት ልምድ" ይላል። ልምዱን ከየት ያምጣው? በዚህ መሀል ደላላው ብቅ አለ። በሬው ተሸጠ፣ እቁቡ ወጣ፣ አክስት አበደረች። ያልተሞላችው ትንሽ ብር ናት። እሷም በላፕቶፑ ትሞላለች ተብሏል። ልጁ ጥግ ይዞ ላፕቶፑን ታቅፎ ተቀምጧል። አይናገር፣ አይጋገር።

በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። ሆሳዕና በሉት፣ ዱራሜ በሉት፣ ሾኔ በሉት፣ ደቡብ አፍሪካ ባለ ልጅ ገንዘብ የተሠራ ቤት አይጠፋም። ቤቱ ከመንገድ ይታያል። መንገድ ላይ የቀረው ልጅ ግን አይታይም። መጋቢት 2012 ዓ.ም ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም ደግሞ ዛምቢያ፣ ሉሳካ ዳርቻ የ27 ሰዎች አስከሬን ተጥሎ ሲገኝ፣ የአገሩ ፖሊስ ኢትዮጵያውያን ናቸው ብሎ ገምቷል። እህቴ ይህን ታውቃለች። "የእኔ ልጅ ይተርፋል" ትላለች። ሁሉም እናት እንዲህ ነው የምትለው።

እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ ምን ብዬ ልምከረው? ደግነቱ በዓል ነው፤ የተበተነው ሁሉ ይሰበሰባል። አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ፕሮግራመር ነው። በማግስቱ ጎፈር ሜዳ ባለ አንድ ግቢ፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና ተጠራን። ልጁን ከነላፕቶፑ ይዤው ሄድኩ።

አቦል

አራት ሆነው ተቀምጠዋል። ስማቸው እንዳይወጣ ቃል አስገብተውኛልና በግብራቸው ልጥራቸው። አንዱ "መምህሩ" ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ሁለተኛው "የባንኩ ሰው"፤ አዲስ አበባ አንድ ባንክ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ኮድ ሲጽፍ የኖረ ጓደኛዬ ነው። ሦስተኛዋ "የዱራሜዋ"፤ ቤቷ ሆና ለውጭ አገር ድርጅት ትሠራለች፤ የመሳላን በዓል አክብራ ነው የመጣችው። አራተኛው "ተመላሹ" ነው፤ ሰባት ዓመት ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ሸጦ፣ ማታ ማታ ኮድ ተምሮ የተመለሰ። ዛሬ ሆሳዕና ውስጥ ለሱቆችና ለፋርማሲዎች ፕሮግራም ይሠራል።

እኔ ስለ ሮኬት የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። የሚያወሩት ስለ "ሀ" ሆኖ አረፈው!

"እስቲ የከተማችንን ስም ጻፍ" አለው የባንኩ ሰው ልጁን። ልጁ "ሆሳዕና" ብሎ ጻፈ። "በል ዞር ዞር ብለህ ታፔላዎቹን አንብብ። ሆሳእና ያለው አለ፣ ሆሣዕና ያለው አለ። ለአንተ አንድ ከተማ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት አገር ነው። ኃይሌ ብሎ የተመዘገበ ደንበኛ፣ ሀይሌ ተብሎ ሲፈለግ 'የለም' ይባላል። ገንዘቡን ያስቀመጠ ሰው መስኮቱ ላይ ቆሞ የለህም ሲባል አስበው!"

ሳቁ። መምህሩ የድሮውን አነሣ። ዱሮ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የየራሱ ቁጥር ነበረው፤ አንዱ ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ላይ ሲከፈት የጠንቋይ ክታብ ይመስላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ በስልካችን በአማርኛ የምንጣላው፣ የምንታረቀው በዚያ ምክንያት ነው።

"ጳጉሜንስ?" አለች የዱራሜዋ። "እኔ ያየሁት አንድ ፎርም 12 ወር ብቻ ነበረው። ጳጉሜን የተወለደ ልጅ አልተወለደም ማለት ነው! 13ኛውን ወር ያስገቡት ደግሞ 5 ቀን ብቻ ሰጥተውት፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ላይ ፕሮግራሙ 'እንዲህ ያለ ቀን የለም' ብሎ ቁጭ አለ።"

የእህቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል አየሁት።

ቶና

ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ ጨዋታው ወደ ኑሮ ዞረ። ልጁም ደፈር አለ።

"ጋሼ፣ አሁን እኮ ኮዱን ኤአይ ይጽፈዋል። እኔን ማን ይቀጥረኛል?"

ዝም ተባለ። ከዚያ የባንኩ ሰው መለሰ። "አልዋሽህም፤ ይጽፋል። እኔም በየቀኑ አጽፈዋለሁ። ለጀማሪ እንሰጠው የነበረው ሥራ ቀንሷል። ግን የጻፈውን አንብቦ 'ይህቺ ጋ ተሳስተሃል' የሚለው ሰው ማነው? ስህተት ማንበብ የማይችል ሰው ዱሮም ፕሮግራመር አልነበረም።"

መምህሩ ቀጠለ። "የእኛም ጥፋት አለበት። ተማሪው ለፈተና ያጠናል፣ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ከላይኛው ባች ይገለብጣል፣ ይመረቃል። ሐምሌ 2016 በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ስንቱ ሰርተፊኬት ወሰደ! ደግ ነው፤ በነፃ የተገኘ ትምህርት አይናቅም። እኔ ግን ሰርተፊኬት ይዞ ለሚመጣ ልጅ 'ምን ሠራህበት?' እለዋለሁ። አብዛኛው ይሄኔ ጣራ ጣራ ያያል።"

የዱራሜዋ ግን ነገሩን እንዳናጣፍጠው አስጠነቀቀች። ዶላር የሚያስገኝ ሥራ አለ፤ ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ፣ 58 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሄድ የእሷ ገቢ በብር ሲቆጠር አድጓል። ግን የመጀመሪያዋን ሥራ ለማግኘት ስምንት ወር ፈጅቶባታል። ሰኔ 2012 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ ደግሞ ደንበኛዋን አጣች። "ሰውየው የሞትኩ ነው የመሰለው። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሌላ ሰው ቀጥሮ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ከሁሉ በፊት ለደንበኛ የምነግረው 'ድንገት ብጠፋ ጠብቀኝ' ብዬ ነው።"

በረካ

ተመላሹ እስከዚህ ድረስ አፉን አልከፈተም። ስኒውን አስቀመጠና ልጁን አየው።

"አንተ ልጅ፣ አትሂድ አልልህም። እኔ ሄጄ ቤት ሠርቻለሁ፤ ውሸታም አታድርገኝ። ሱቄ ሁለቴ ተዘርፏል፣ አንዴ ሽጉጥ ግንባሬ ላይ ተደቅኗል። መንገድ ላይ አብሮኝ የነበረ የሰፈሬ ልጅ ግን አልደረሰም። እናቱ ዛሬም ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። የደረስኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።"

ቡና የምታፈላዋ ልጅ ሳትቀር ዝም አለች።

"አሁን ሒሳብ እንሥራ" አለ። ለደላላው የሚከፈለው ስንት ነው? ልጁ ነገረው። ወረቀት ወጣ። እናቱ ቤት እየኖረ፣ ኢንተርኔት፣ ጥሩ ባትሪ፣ የትራንስፖርት ተብሎ ሲካፈል ያ ገንዘብ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ያኖረዋል። "ያ ሁሉም ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው የሁለት ዓመት ልምድ እኮ ይሄው ነው!" አለ የባንኩ ሰው። እኔ በበኩሌ ክው አልኩ። ልምዱን የሚገዛበት ገንዘብ ቤት ውስጥ ነበር፤ ማንም እንደዚያ አልቆጠረውም።

ተመላሹ በዚህ አላበቃም። አንድ ፋርማሲ ከሌላ ቦታ የገዛውን ፕሮግራም እንዲጠግን ተሰጥቶታል። ፕሮግራሙ የመድኃኒቱን ማብቂያ ወደ እኛ ዘመን የሚቀይረው ከዓመቱ 7 ቀንሶ፣ ወሩን እንዳለ ወስዶ ነው። በፈረንጅ 3ኛው ወር ማርች ነው፤ በእኛ 3ኛው ኅዳር። ስለዚህ በመጋቢት ገደማ የሚያበቃን መድኃኒት እስከ ኅዳር ደህና ነው ይላል። ስምንት ወር ዕድሜ ይመርቅለታል ማለት ነው! ባለሙያዋ ካርቶኑን በዓይኗ ባታይ ኖሮ ለታማሚ ይሸጥ ነበር።

"ይህን በሳምንት አስተካክለህ አምጣ፤ እከፍልሃለሁ። ካልቻልክ ላፕቶፑን እኔው እገዛሃለሁ" አለው።

ልጁ ላፕቶፑን እዚያው ከፈተ።

ታዲያስ?

በሳምንት አላደረሰም፤ አሥር ቀን ፈጀበት። ሁለቴ አበላሽቶት ሌሊት ለመምህሩ ደውሏል። በመጨረሻ ግን ሠርቶ ደሞዙን ተቀበለ። ብዙ አይደለም። ለእናቱ ነጠላ ገዛና የተረፈውን ለባትሪ አስቀመጠ። ተመላሹ ሁለተኛ ሥራ ሰጥቶታል።

እህቴ ግን ሙሉ በሙሉ አላመነችም። "እስከ ጥምቀት ልየው" ብላለች። ደላላው አሁንም ይደውላል። ልጁም አንዳንድ ማታ ከጆሀንስበርግ የሚላኩ የጓደኞቹን ፎቶዎች ሲያይ አድራለሁ ይላል። አልፈርድበትም።

አንቺም አንተም በዚህ መንታ መንገድ ላይ ከሆናችሁ፣ ከዚያች የቡና ጨዋታ የቀዳሁትን ላካፍላችሁ። ለደላላ የሚከፈለውን ገንዘብ በወር አካፍሉት። ሰርተፊኬት ከመቁጠር ይልቅ አንድ ሱቅ፣ አንድ ፋርማሲ፣ አንድ ትምህርት ቤት ግቡና ምን እንዳስቸገራቸው ጠይቁ፤ የእኛን ወር፣ የእኛን ሰዓት፣ የእኛን ፊደል የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። የኤአይን ሥራ ሳታነቡ አትቀበሉ። ደግሞ ብቻችሁን አትቀመጡ፤ የቀደሙትን ቡና ጠጡባቸው። ያ ልጅ ዓመት ከመንፈቅ ክፍሉ ውስጥ ያላገኘውን በሦስት ስኒ አግኝቷል።

ለጥምቀት እመለሳለሁ፤ የሆነውን እነግራችኋለሁ። ቸር ወሬ ያሰማን!