ከጉንፋን በኋላ የሚመጣ የጆሮ ሕመም

የመካከለኛው ጆሮ ኢንፌክሽን በአብዛኛው የሚነሣው ከአፍንጫ በኩል ነው። ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ አየር የሞላባት ትንሽ ክፍተት አለች፤ ድምፅን ወደ ውስጠኛው ጆሮ የሚያሻግሩት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች የሚገኙትም እዚያ ነው። ክፍተቷን ከአፍንጫ የኋላ ክፍል ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖረው ጣሊያናዊ ሐኪም በባርቶሎሜዮ ኤውስታኪ ስም ይጠራል። በአዋቂ ሰው ቱቦው ወደ ታች ያዘነበለ ነው፤ በሕፃን ግን አጭርና ወደ አግድም የተጠጋ በመሆኑ ፈሳሽ በቀላሉ አይወርድበትም። ጉንፋን ሲይዘው ቱቦው አብጦ ይደፈናል፣ ፈሳሹ ይጠራቀማል፣ ባክቴሪያዎችም ይራቡበታል። ሕመሙ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባሉ ልጆች የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። «ሲታጠብ ውኃ ገብቶበት ነው» የሚለው ግምት ታምቡሩ ላልተቀደደ ልጅ አይሠራም።

አፉን ያልፈታ ልጅ ያተኩሰዋል፣ ሌሊት ይነጫነጫል፣ መጥባት እምቢ ይላል፣ ጆሮውን ይጎትታል። ጆሮ መጎተት ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ታምቡሩ በመሣሪያ መታየት አለበት።

ይበልጥ የሚያሳስተው ግን የሕመሙ መብረድ ነው። ግፊቱ ሲበረታ ታምቡሩ ተቀድዶ መግል ይፈሳል፤ ያን ጊዜ ሥቃዩ ስለሚቀል ልጁ እንደዳነ ይቆጠራል። እርግጥ አብዛኛው ቅዳጅ በሳምንታት ውስጥ ይገጥማል። ፈሳሹ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከቆየ ግን ሕመሙ ሥር ሰድዷል ማለት ነው፤ መስማት ይቀንሳል፣ አንደበትም ሊዘገይ ይችላል። ከጆሮው ጀርባ የሚያም እብጠት ከታየ ኢንፌክሽኑ ወደ አጥንት ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ልጁ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ለሥቃዩ ፓራሲታሞል ይሰጣል። ፀረ ባክቴሪያ ካስፈለገ በአብዛኛው የሚታዘዘው አሞክሳሲሊን ነው፤ ሕመሙ ቀለል ያለባቸውን ከፍ ያሉ ልጆች ሐኪሙ ሁለት ሦስት ቀን ሊጠብቃቸው ይችላል፣ ከ6 ወር በታች ላሉት ግን ወዲያውኑ ይጀመራል። የሚፈስ ጆሮ በንጹሕና ለስላሳ ጨርቅ ይደረቃል እንጂ ዘይትም ሆነ ሌላ ነገር አይንቆረቆርበትም።

ጡት ማጥባት፣ ልጁን ከሲጋራ ጭስ ማራቅ፣ ተጋድሞ ጡጦ እንዳይጠባ ማድረግ ሕመሙን ይቀንሳሉ። ኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም. ወደ መደበኛው የሕፃናት ክትባት ያስገባችው የኒሞኮከስ ክትባትም ከዋነኞቹ የሕመሙ ባክቴሪያዎች አንዱን ይከላከላል፤ በሌሎች ተሕዋስያን የሚመጣውን ግን አያስቀርም።