አንድ ሊትር ቅቤ ስንት ኪሎ ነው?

መስከረም ሲጠባ ሆሳዕናም ዱራሜም የቅቤ ወሬ ይበዛባቸዋል። የሀዲያ ያሆዴ እና የከምባታ መሳላ የሚከበሩበት ወቅት ነው። ቡላው በወተትና በቅቤ በስሎ የሚቀርበው አታካና ያለ ቅቤ አይታሰብም። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶችም ስልክ ይደውላሉ፦ «ባለ 5 ሊትሩን ዕቃ ሞልታችሁ ላኩልን።»

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ጠያቂው በሊትር ያዝዛል፣ ገበያው በኪሎ ይሸጣል። ብዙዎቻችን ደግሞ ሊትርና ኪሎ አንድ ይመስሉናል። አንድ የሚሆኑት ግን ለውሃ ነው፤ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። ሌላው ፈሳሽ ሁሉ የየራሱ ክብደት አለው።

እነዚህን አራት ቁጥሮች ይያዙ። 1 ሊትር የቀለጠ ቅቤ 910 ግራም ገደማ፣ 1 ሊትር የምግብ ዘይት 920 ግራም ገደማ፣ 1 ሊትር ወተት 1,030 ግራም ገደማ፣ 1 ሊትር ማር ደግሞ 1,400 ግራም ገደማ ይመዝናል።

በገንዘብ ሲታሰብ

ባለ 5 ሊትሩ ዕቃ በተነጠረና በቀለጠ ቅቤ ቢሞላ 4.55 ኪሎ ያህል ነው። የ5 ኪሎ ሒሳብ ከከፈሉ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ቅቤ በነፃ ሄደ ማለት ነው። ያልተነጠረ ለጋ ቅቤ ሲሆን ደግሞ ዕቃው ጨርሶ አይታመንም፤ በመሃሉ አየርና አሬራ ይኖራል። እሱን ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። ሲነጠርም ውሃው ስለሚተን 1 ኪሎ ለጋ ቅቤ 1 ኪሎ ንጥር አይወጣውም። ስለዚህ ንጥሩ በኪሎ ቢወደድብዎ በሻጩ አይፍረዱ።

በተቃራኒው 5 ሊትር የተባለ ዘይት ሚዛን ላይ 4.6 ኪሎ ቢያሳይ አልተጭበረበሩም፤ ትክክል ነው።

ማር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ለምሳሌ አንዱ ሻጭ ኪሎውን 550 ብር፣ ሌላው ሊትሩን 700 ብር ቢሉ ርካሹ የቱ ነው? 700ን ለ1.4 ሲያካፍሉ ኪሎው 500 ብር ይመጣል። ውድ የመሰለው ርካሹ ሆኖ ተገኘ። ገበያ ውስጥ ዋጋ ከማወዳደር በፊት መለኪያውን አንድ ማድረግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ብርጭቆዎን ይወቁት

ኩሽና ስንገባ ደግሞ «አንድ ብርጭቆ ቅቤ» የሚል መመሪያ ያጋጥመናል። የማን ብርጭቆ? የቤትዎን ለማወቅ የኩሽና ሚዛንና ውሃ ይበቃል። ባዶውን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ወደ ዜሮ ይመልሱት፣ ከዚያ ሁልጊዜ እስከሚሞሉበት ድረስ ውሃ ይጨምሩ። 220 ግራም ካሳየ ብርጭቆዎ 220 ሚሊ ሊትር ይይዛል። የቀረው ማባዛት ነው፦ የቀለጠ ቅቤ ከሆነ በ0.91 ሲባዛ 200 ግራም፣ ዘይት በ0.92 ሲባዛ 202 ግራም፣ ወተት በ1.03 ሲባዛ 227 ግራም፣ ማር በ1.4 ሲባዛ 308 ግራም። ከግራም ወደ ሚሊ ሊትር ሲመለሱ በእነዚሁ ቁጥሮች ያካፍሉ፤ 200 ግራም ማር 143 ሚሊ ሊትር ያህል ነው።

ይህ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የእናቶችን ሙያ ለማቆየት ነው። አታካና የሚያውቁ እናቶች የሚለኩት በዓይናቸውና በእጃቸው ነው፤ «ስንት ልጨምር?» ቢሏቸው «እስኪበቃው» ይላሉ። እጃቸውን አያርሙ። የቅቤውን ዕቃ ከመጨመራቸው በፊትና በኋላ ይመዝኑት፤ ልዩነቱ እሳቸው የጨመሩት መጠን ነው። ወተቱንም ቡላውንም እንዲሁ አድርገው ይጻፉ። በግራም የተጻፈ አታካና ሆሳዕናም ይሠራ አዲስ አበባ፣ ብርጭቆ ቢቀያየርም መጠኑ አይዛባም።

አራቱን ቁጥሮች በወረቀት ጽፈው የቁም ሣጥኑ በር ላይ ይለጥፉ። በሚቀጥለው መስከረም ስልክ ሲደውሉም «አምስት ሊትር» ሳይሆን «አምስት ኪሎ» ይበሉ።